«በቤትሽ ያለውን ንገሪኝ»፦ ስለ ቀና አስተሳሰብና ስለ በረከት

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ «እንደ ባለጠጋ አስብ፣ ባለጠጋ ትሆናለህ» የሚለው ትምህርት በምእመናን መካከልም ገብቷል። ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ምሳሌ 23፥7 ነው፦ «በልቡ እንዳሰበ እንዲሁ ነውና»። እስቲ ከቁጥር 6 ጀምራችሁ አንብቡት። የሚናገረው በአፉ «ብላ ጠጣ» እያለ በልቡ ስለሚሰስት ጋባዥ ነው፤ ሀብት ስለ መሳብ ምንም አይልም። ታዲያ የምናስበው ነገር ለውጥ አያመጣም ማለት ነው? አይደለም። በእምነት ማሰብ ገንዘብ አይጎትትም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር በእጃችን ያኖረውን፣ ፍርሃት የሸፈነብንን ነገር እንድናይ ያደርጋል።

2ኛ ነገሥት 4፥1-7 ይህን በግልጽ ያሳያል። ባሏ የሞተባት ሴት አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ዕዳሽን እርሺው አላላትም፤ በቤቷ ምን እንዳለ ጠየቃት። ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም የለኝም አለች። ዘይቱ እያለ እንኳ ከ«የለኝም» ጋር ቆጠረችው፤ ጭንቀት እንዲህ ነው። ከዚያ ከጎረቤቶቿ ብዙ ባዶ ማድጋ ተዋሰች፣ በሯን ዘጋች፣ ቀዳች። ማድጋው ሲያልቅ ዘይቱ ቆመ። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነበር፤ መዋሱ፣ መቅዳቱና መሸጡ ግን የእርሷ። የመጨረሻውንም ትእዛዝ አትለፉት፦ ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ ከተረፈው ከልጆችሽ ጋር ኑሪ። ስለ በረከት ሲሰበክ ዕዳ መክፈሉ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ይህ ያሳዝናል።

ጳውሎስ በእስር ሳለ የጻፈው ፊልጵስዩስ 4፥6-8፣ አትጨነቁ፣ ከምስጋና ጋር ለምኑ፣ መልካሙን አስቡ የሚለው፣ ይህንኑ በየዕለቱ ለመለማመድ ይረዳል። ማታ ወረቀት ያዙ። በመጀመሪያ ያስጨነቃችሁን ጻፉ፤ «ገንዘብ የለኝም» ብላችሁ ሳይሆን ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ የሚለውን። ስም ያልወጣለት ስጋት እየሰፋ ይሄዳልና። ከሥሩ በእጃችሁ ያለውን ጻፉ፦ ሙያ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ያልተጠቀማችሁበት ዕቃ፣ የሚያምናችሁ ሰው። 5 ሳይሞላ አታቁሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቶሎ ይመጣሉ፣ የተረሳው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በእያንዳንዱ ላይ በስሙ አመስግኑ፣ ቀጥሎ የጎደለውን በግልጽ ለምኑ። በመጨረሻ እስከ ነገ ማታ የምትፈጽሙትን አንድ ሥራ ምረጡ። ያ ሥራ የእናንተ ማድጋ ነው። ያለዚህ ጸሎቱ በምኞት ይቀራል።

የሚበላሸው የት ነው? አንዳንዶች ዕዳቸውን በአፍ መካድ እምነት ይመስላቸዋል። በእርጅናው ልጅ እንደሚወልድ ተስፋ የተሰጠው አብርሃም ግን እንደ ምውት የሆነውን ሥጋውን ተመልክቶ ነው በእምነቱ ያልደከመው (ሮሜ 4፥19)። ሌሎች «የለመናችሁትን እንዳገኛችሁ እመኑ» የሚለውን ማርቆስ 11፥24ን ይይዙና ይቅር በሉ የሚለውን ቁጥር 25ን ይተዋሉ፤ ቂም እንደ ያዙ ይለምናሉ። ቤታቸውን ያስራቡበትን ገንዘብ ብዙ እጥፍ ይመለስልኛል ብለው የሚሰጡም አሉ። ይህ ከባድ ጉዳት ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12 ስጦታ የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ይናገራል። ችግረኛውንም «እምነትህ ስላነሰ ነው» አትበሉት፤ ጳውሎስ ራሱ ተርቧል፣ አጥቷል።

ያዕቆብ 4፥3 ለምኞት ማርኪያ የሚለመን ልመና እንደማይመለስ ያስጠነቅቃል፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥8 ደግሞ መትረፍረፍን ለራስ ከመብቃት አልፎ ለበጎ ሥራ መትረፍ ብሎ ይገልጸዋል። ስለዚህ በወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ይህ ሲሞላልኝ ከእርሱ የማካፍለው ለማን ነው? የአንድ ሰው ስም ጻፉ፣ ለእርሱም በዚያው ማታ ጸልዩለት።