«በምን ይታሰራል?» ስለ ጃምፒንግ ካስል ኪራይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ጎንደር ውስጥ ጃምፒንግ ካስል፣ ማለትም በሞተር አየር እየተነፋ የሚቆም የልጆች መዝለያ፣ አከራያለሁ። ከማራኪም ይሁን ከአዘዞ፣ ከቀበሌ 18ም ይሁን ከሳሙና በር፣ ለልጁ ልደት ጃምፒንግ ካስል ፈልጎ የሚደውልልኝ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቀኛል። ስንት ነው? ስንት ልጅ ይይዛል? ቀለሙ ምንድን ነው? አንዲት እናት ኬኩ ሮዝ ሆኖ ሳለ ሰማያዊ ካስል ግቢዬ አይገባም ብላኝ ከነጭነቴ ከበር ተመልሻለሁ። አልፈርድባትም፤ ፎቶው ዕድሜ ልክ ነው የሚቀመጠው። «በምን ይታሰራል?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ድንኳን አከራይ ነበር።

ከደንበኞቼ ደጋግሜ የምሰማቸውን፣ አንዳንዶቹንም ሥራውን ስጀምር እኔው ራሴ አምንባቸው የነበሩትን ላንሳ።

«ይሄን ሁሉ ክብደት ምን ነፋስ ያነሳዋል?»

ይህኛው የሁሉም አለቃ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። የእኔ ካስል ጎንና ጎኑ አራት ሜትር ተኩል ነው። ተጠቅልሎ ሲመዘን ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል፤ ከአይሱዙ ላይ ለማውረድ አራት ጎልማሳ ይፈልጋል። ሰው ያንን ያይና «ይሄማ የትም አይሄድም» ይላል። ሲነፋ ግን ክብደቱ ያው አንድ ኩንታል ሆኖ መጠኑ አንድ ክፍል ቤት ያህላል። ግድግዳው ነፋሱን ይቀበላል፣ ነፋሱ በሥሩ የሚገባበት ቀዳዳ ካገኘ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቆርቆሮ ከጣራ ተገንጥሎ ሲበር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ፣ ዴቨንፖርት ከተማ፣ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመቱን መዝጊያ ሲያከብር ነፋስ ካስሉን ከነልጆቹ አነሳው፤ ስድስት ልጆች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በእንግሊዝ ሃርሎ ከተማ መናፈሻ ውስጥ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ የነበረችበት ካስል ተነቅሎ ሄዶ ሕይወቷ አለፈ፤ ኃላፊነቱ የነበረባቸው ሁለት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2018 እስር ተፈርዶባቸዋል። ሁለቱም አገሮች መስፈርትም ተቆጣጣሪም ያላቸው ናቸው።

በአውሮፓ የሚሠራበት መስፈርት ቢያንስ ስድስት ማሰሪያ ይጠይቃል። ካስማው 38 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው። በእኛ ቋንቋ ባለ 16 ፌሮ ማለት ነው፤ ብየዳ ቤት ሄዶ አስቆርጦ፣ አናቱን አሳጥፎ ማሠራት ይቻላል። እኔም ያደረግሁት እሱን ነው። ሲመታ ቀጥ ብሎ ሳይሆን አናቱ ከካስሉ ራቅ ብሎ ጋደል ይላል። የጎንደር መሬት ድንጋይ አያጣም፣ ካስማው ስንዝር እንደገባ ድንጋይ ካገኘው «በቃ ይዟል» ማለት የለም፤ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይመታል።

ግቢው ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ከሆነ ካስማ አይገባም፤ ያኔ በክብደት ነው የሚያዘው። ለእያንዳንዱ ማሰሪያ ቢያንስ 163 ኪሎ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ስሰማ የተጋነነ መስሎኝ ነበር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልታችሁ ብትቆጥሩት ለአንዱ ማሰሪያ ብቻ ስምንት ያህል ጀሪካን ነው። ስድስቱ ሲደመር ወደ አሥር ኩንታል። ጥግ ላይ ጣል የተደረጉ ሁለት ማዳበሪያ አሸዋዎች ለዓይን ካልሆነ በቀር ጥቅማቸው ትንሽ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። የመጀመሪያው ዓመት፣ መጋቢት ውስጥ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ። አንዱን ገመድ ከግቢው በር፣ ሌሎቹን ከጀሪካኖች አስሬ ቡና ልጠጣ ተቀመጥኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሳና የፊተኛው ጥግ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ተነሳ፤ ጀሪካኑ ከነገመዱ ተንጠልጥሎ ሲዞር ይታየኛል። ውስጥ አምስት ልጆች አሉ፤ የጨዋታው አካል መስሏቸው ይስቃሉ። በረንዳ ላይ ምስር ይለቅሙ የነበሩት አያታቸው «ኧረ ልጆቹን! ኧረ አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹ። ልጆቹን አውጥቼ ሞተሩን አጠፋሁ። አባትየው «ከፍለን የለም እንዴ?» አለኝ። ግማሹን መለስኩለት። እሱ እስካሁን የተጭበረበረ ይመስለዋል።

«ነፋስና ዝናብ የክረምት ጣጣ ነው»

ዝናቡ አዎ፣ የክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ብዙም አንሠራም፤ የረጠበ ወለል ደግሞ ያንሸራትታል። ነፋሱ ግን የበጋ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጠዋቱ ጸጥ ብሎ ይቆይና ከሰዓት በኋላ አዋራ ማስነሳት ይጀምራል። ለዚህ ነው ደንበኛን ሁሉ «ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት አድርጉት» የምለው። የሚሰማኝ ግን የለም። ልደት የሚጠራው ስምንት ሰዓት ነው፣ እንግዳው የሚመጣው አሥር ሰዓት ነው፣ እኔ ደግሞ ዛፍ ዛፉን እያየሁ እቆማለሁ።

ዛፍ ማየቴ ለግጥም አይደለም። ካስል መሥራት የሚያቆምበት የነፋስ ልክ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ነው። መለኪያ ለሌለው ሰው ምልክቱ ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ መጀመራቸው ነው። እዚያ ደረጃ ሳይደርስ ልጆች ይወጣሉ። አዋራ እያዞረ የሚመጣው ዐውሎ ደግሞ ይህን ያህል እንኳ ጊዜ አይሰጥም፤ የታዝማኒያውም እንደዚያ ያለ አዙሪት ነበር። ስለዚህ ካስማው የሚመታው ቀኑ ጸጥ ያለ ቢሆንም ነው።

«ከስፌቱ አየር ይወጣል፤ የተቀደደ ነው ያመጣህልን»

አልተቀደደም። ካስል እንደ ኳስ ተነፍቶ የሚታሸግ ነገር አይደለም። አየሩ በስፌቱ በኩል ሁልጊዜ እየወጣ፣ ብሎወር የምንለው ሞተር ደግሞ ሁልጊዜ እየተካው ነው የሚቆመው። ልጆቹ ሲዘሉ ግፊቱ በስፌቱ ባይተነፍስ ኖሮ ስፌቱ ራሱ ይተረተር ነበር። እርግጥ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ካያችሁ ሌላ ነገር ነው፤ አከራዩን ጥሩት።

ነገሩ ሲፈጠርም መጫወቻ ይሆናል ተብሎ አልነበረም ይባላል። ጆን ስከርሎክ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለቴኒስ ሜዳ መሸፈኛ የሚሆን በአየር የሚነፋ ነገር ሲሠራ፣ ሠራተኞቹ ላዩ ላይ ሲዘሉ ተመለከተ። የሰው ልጅ ለስላሳ ነገር ካየ መዝለሉ አይቀርም፤ ፍራሽ ያለበት ቤት ያሳደገ ወላጅ ያውቀዋል።

«አንዴ ከተነፋ ሞተሩን እናጥፋው፣ ጮኸብን፣ መብራትም በላ»

ከላይ ካልነው የሚከተለው ግልጽ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ግድግዳው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይዘምማል፣ ጣራ ያለው ከሆነም ልጆቹ ላይ ይተኛል። የመብራቱን ነገር ደግሞ እንደ ቤት እናት እናስላው። ብሎወሩ አንድ ኪሎዋት ከትንሽ በላይ ነው የሚወስደው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ። አራት ሰዓት ሙሉ የነፋ ብሎወር አንድ ቀን እንጀራ ከተጋገረበት ምጣድ ጋር ቢነጻጸር የሚያስቆጣ አይደለም።

ችግር የሚሆነው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ነው። የልደት ቀን ማድ ቤት ምጣዱም፣ ምድጃውም፣ የውኃ ማፍያውም በርቷል፤ የእኛ ገመድ ደግሞ እዚያው መስመር ላይ ይሰካል፤ ብሬከሩ ይወድቅና ካስሉ ይተኛል። ገመዱም ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ መዘርጋት አለበት። ተጠቅልሎ ከባድ ሞተር የተሰካበት ገመድ ይግላል፣ ከቆየም ይቀልጣል።

ብሎወሩ የሚቀመጥበትንም ልብ በሉ። ልጅ የማይደርስበት፣ መግቢያው በሌለበት በኩል፣ ከካስሉ ቢያንስ አንድ ሜትር ከሃያ ራቅ ብሎ።

«መብራት ቢሄድ ጄኔሬተር አለን»

የመብራት ነገር እንደምታውቁት ነው፣ ጄኔሬተር መያዙ ጥሩ። ግን ሁለት ነገር ይረሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ሁለት ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠላችሁ ጄኔሬተር የሚሰጠው አንድ ከስድስት ያህል ነው። ብሎወር ደግሞ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይስባል፤ ትንሿ ጄኔሬተር እዚያ ላይ ታቃስትና ትጠፋለች። ሁለተኛው፣ ጄኔሬተሩን ከብሎወሩ አጠገብ አስቀምጠው ያየኋቸው አሉ። ብሎወሩ ያገኘውን አየር ነው የሚስበው፤ ጭሱን ስቦ ልጆቹ ወደሚጫወቱበት ያስገባዋል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም።

መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ወደ ጄኔሬተር መሮጥ አይደለም። አንድ ሰው በሩን ከፍ አድርጎ ይዞ ይቆማል፣ ልጆቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ ይቆጠራሉ። ገመዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ለስላሳ ነው፣ ምን ይሆናሉ? ትልልቆቹም ትንንሾቹን ይጠብቃሉ»

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በቀን በአማካይ ከ30 በላይ ልጆች በዚህ መጫወቻ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ይገቡ እንደነበር በጥናት ታውቋል፤ ጉዳቱም በብዛት ስብራትና ወለምታ ነው። ወለሉ ለስላሳ ነው፣ የጓደኛ ጉልበትና ጭንቅላት ግን ለስላሳ አይደለም። 40 ኪሎ የሆነው የአጎት ልጅ ካረፈበት ጎን 15 ኪሎዋ ታናሽ ብትቆም ወለሉ እሷን እንደ ወንጭፍ ይወረውራታል። ትልልቆቹ ይጠብቃሉ የሚባለው ለዚህ ነው የማያስኬደው፤ ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ክብደቱ ነው። እኔ በዕድሜ ከፍዬ በየተራ አስገባለሁ፣ ከስምንት ልጅ በላይም አንድ ላይ አላስገባም። በየልደቱ አንድ አጎት አይጠፋም፣ ጫማውን አውልቆ ለቲክቶክ ልዝለል የሚል። ለእሱ መልሴ አጭር ነው።

ከመግባታቸው በፊት ጫማ ይወልቃል፣ የጸጉር ማስያዣና የጆሮ ጌጥ ይወጣል። የማተብ ነገር ስስ ነው፤ አውልቁ ማለት አይሆንልኝም፣ ልብስ ውስጥ ገብቶ በጠባቡ ይታሰር እላለሁ። አፍ ውስጥ ያለ ፈንድሻ ግን ሳይዋጥ ማንም አይገባም። ፈንድሻ ታቅፎ ሰልፍ የሚይዝ ልጅ መቼም አይጠፋም፤ እያኘከ ቢዘል ሊታነቅ ይችላል።

ፀሐይም አለች። እኩለ ቀን ላይ ላስቲኩ ይግላል፣ በተለይ መንሸራተቻው። የእጃችሁን ጀርባ አስቀምጡበት፤ አምስት ሰከንድ ካልቻላችሁ የልጅ እግርም አይችለውም።

«አከራዩ ቆሞ የለም እንዴ?»

አንዳንዱ ይቆማል፣ አንዳንዱ ዘርግቶ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሲከራዩ ይጠየቅ። ቢቆምም አንድ ሰው ሞተሩንም፣ ካስማውንም፣ በሩንም አያይም። ከቤተሰቡ አንድ አዋቂ በር ላይ ይመደብ፤ ቡናውም እዚያው ይምጣለት።

«ኪራዩ ሁሉን ያጠቃልላል»

ብዙ ጊዜ አያጠቃልልም። የመኪናው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የጄኔሬተሩ ቤንዚን የማን ነው? ሰዓቱ የሚቆጠረው ከደረስኩበት ነው ወይስ ከተነፋበት? ነፋስ ቢያስቆመን ቀብዱ ምን ይሆናል? ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ የኔ ዓይነት ጠብ ይመጣል።

«በበረኪና ስለሚታጠብ ንጹሕ ነው»

በረኪና ቀለሙንም ስፌቱንም ይጎዳል። ሳሙናና ውኃ ይበቃዋል፣ ዋናው ማድረቁ ነው። እርጥቡን የተጠቀለለ ካስል ሲፈታ ሻጋታ ይሸታል፤ አፍንጫችሁን ጠጋ አድርጉ፣ ያኔ የአከራዩን ጸባይ ታውቃላችሁ።

ያ ድንኳን አከራይ የልጁን ልደት ያደረገው አዘዞ ነበር። ስደርስ ሰላም ብሎኝ ዝም ብሎ ቆመ፤ ስድስቱንም ካስማ እስክመታ ጠበቀ። ከዚያ እየዞረ እያንዳንዱን ገመድ በእጁ ጎተተ። አራተኛው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ምንም አላለኝም፣ ከቤት የራሱን መዶሻ አምጥቶ ነቀለውና አንድ እርምጃ ወደዚያ ፈቀቅ አድርጎ መታው። ስንት እንደሚከፍለኝ የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።