ስለ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት የሚወራውና እውነቱ

ማርች 8 በመጣ ቁጥር የእንግሊዛዊቷ ደራሲና የሴቶች መብት ተሟጋች የሜሪ ዎልስቶንክራፍት ምስል በየቦታው ይለጠፋል። ከሥሩ ያው የተለመደ ስህተት ይከተላል። እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከአንዱ ተማሪ ወረቀት ላይ ያረምኩት በዓመቱ ከሌላው ይመጣልኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ፍራንከንስታይንን የጻፈችው እሷ ናት።» አይደለችም፤ የልጇ የሜሪ ሼሊ ሥራ ነው። «ታዲያ ልጇን ለዚህ ያበቃቻት እሷ አይደለችም?» ያለኝም አለ። ልጅቷ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1797 ነው። እናቷ ከወሊድ በኋላ በያዛት ኢንፌክሽን ሴፕቴምበር 10 ሞተች። መቼ ታስተምራት?

«የሀብታም ልጅ ስለሆነች ነው ለመጻፍ ጊዜ ያገኘችው።» አያቷ በሐር ሥራ ገንዘብ ይዘው ነበር። አባቷ ግን እርሻ ልግባ ብሎ ጨረሰው። ጠጥቶ ሲገባ ሚስቱን ይመታ ስለነበር፣ ሜሪ እናቷን ለማዳን መኝታ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ትተኛ ነበር። ስታድግ የአንዲት ባልቴት አጫዋች ሆና ተቀጠረች። ከእህቶቿ ጋር ትምህርት ቤት ከፈተች። አየርላንድ ሄዳ የባላባት ልጆች አስተማረች። በኋላ ለንደን ገብታ ለአሳታሚው ለጆሴፍ ጆንሰን እየተረጎመችና መጻሕፍት እየገመገመች እንጀራዋን አበሰለች።

«ወንድ ትጠላ ነበር።» የምፈልገው ሴቶች በወንዶች ላይ ሳይሆን በራሳቸው ላይ ሥልጣን እንዲኖራቸው ነው ብላ ጽፋለች። አለቀ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ከዘመኗ የቀደመች ስለነበረች መጽሐፏ ገና ሲወጣ ተወገዘ።» ይህንን ከተማሪ ብቻ ሳይሆን መድረክ ላይ ከወጡ ምሁራንም ሰምቻለሁ። እንዲያውም ዘመኗ በደንብ ሰምቷታል። ስለ ሴቶች መብት የጻፈችው ሙግት በ1792 ወጣ። በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ታተመ፣ ወደ ፈረንሳይኛም ተተረጎመ። ግምገማዎቹም በአብዛኛው መልካም ነበሩ። ብዙ አንባቢ እንደ ትምህርት መጽሐፍ ነበር የያዘው። ወንድና ሴት፣ ድሃና ሀብታም ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት አብረው ይማሩ የሚል ሐሳብ አለበት።

ስሟን የገደለው ባሏ ነው። ያውም ጠልቷት ሳይሆን አፍቅሯት። ዊልያም ጎድዊን፣ በሞተች በወራት ውስጥ፣ በ1798 መጀመሪያ የሕይወት ታሪኳን አሳተመ። ምንም አልደበቀም። ከአሜሪካዊው ጊልበርት ኢምሌይ ሳይጋቡ ፋኒን መውለዷን፣ ሰውየው ሲከዳት ሁለት ጊዜ ራሷን ለማጥፋት መሞከሯን፣ እሱንም ስታገባው እርጉዝ እንደነበረች ዘረገፈው። ሊኩላት ብሎ ዓይኗን አጠፋው።

ጠላቶቿ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ? አንቲ ጃኮቢን የሚባለው መጽሔት በቃላት ማውጫው ውስጥ «ሴተኛ አዳሪነት» በሚለው አንጻር «ሜሪ ዎልስቶንክራፍትን ይመልከቱ» ብሎ አተመ። ማውጫ ላይ እኮ ነው! ከዚያ ወዲህ ሐሳቧን የሚጋሩ ሴቶች እንኳ ስሟን ለመጥራት ይሸማቀቁ ጀመር።

«ምን ለውጥ አለው? ያው ተወግዛለች» ይሉኛል። አለው እንጂ! «ዘመኑ አልገባውም» ካልን ጥፋተኛ የለም። የሆነው ግን ሐሳቧን መርታት ሲያቅታቸው ገመናዋን ይዘው መጡ።

መጽሐፉ ከበደኝ ለሚል አንድ ምክር አለኝ። መጀመሪያውን ዝለሉና ስለ ትምህርት የሚያወራውን 12ኛውን ምዕራፍ አንብቡ። እሱም ከከበደ በ1796 ያሳተመችውን የስካንዲኔቪያ ደብዳቤዎች ያዙ። ሕፃን ልጇንና ሞግዚት አስከትላ የኢምሌይን የጠፋ መርከብና ብር ለማፈላለግ ስትዞር የጻፈችው ነው። ጎድዊን፣ አንድን ሰው ከደራሲዋ ጋር ፍቅር የሚያስይዝ መጽሐፍ ካለ ይህ ነው ብሏል። እሱን እንኳ በደንብ ይዞታል፤ በዓመቱ አገባት።