ታክስ ክፍል ሥራ ልትጀምሩ ነው? የሚወራውና እውነታው

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው የኦዲትና የታክስ አማካሪ ድርጅቶች ውስጥ የሚያመለክቱ ልጆች ኦዲት ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃሉ። ታክስ ክፍሉን ግን በወሬ ነው የሚያውቁት። ወሬው ደግሞ አብዛኛው ስህተት ነው።

«ታክስ የሒሳብ ጎበዝ ሥራ ነው»

ስሌቱን ኤክሴል ይሠራዋል። የሚከብደው ምን እንደሚሰላ መወሰኑ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ለውጭ ድርጅት የሶፍትዌር ክፍያ ሊልክ ነው እንበል። ከክፍያው ላይ ስንት ግብር ይቀነስ? የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሲወጣ፣ ነዋሪ ላልሆነ ሰው በሚከፈል ሮያሊቲ (ለመጠቀም መብት የሚከፈል ገንዘብ) ላይ 5 በመቶ፣ በቴክኒክ አገልግሎት ላይ ደግሞ 15 በመቶ ነበር የጣለው። ኢንቮይሱ ላይ ያለው «ሰርቪስ ፊ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉ ይነበባል። ደንበኛው የገዛው የመጠቀም መብት ነው ወይስ የባለሙያ ሥራ? ሁለቱም ካሉ ዋጋቸው ተለይቷል? ከዚያ አገር ጋርስ ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት አለን? የውሉን አባሪ ሳይከፍት 5 ብሎ የጻፈ ጀማሪ፣ ማናጀሩ «ከየት አመጣኸው?» ሲለው መልስ የለውም። የሕግ ተመራቂዎች እዚህ ክፍል ብርቅ ያልሆኑት ለዚህ ነው። አካውንቲንግ አልተማርኩም ብሎ ወደኋላ ማለት አያስፈልግም።

«ዋናው ገቢዎች ሰው ማወቅ ነው»

ይህን አጎትም ጎረቤትም ይነግራችኋል። ፋይሉ የትኛው ዴስክ ላይ እንዳለ ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል፣ አልክድም። ግን የግብር ውሳኔ የደረሰውን ደንበኛ የሚያድነው ሰነድና ቀን ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ደንበኛው ደግሞ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አቆይቶ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይዞት ከች ይላል። ያኔ ውድቅ የተደረገውን እያንዳንዱን ወጪ ከደረሰኙ፣ ከውሉና ከባንክ ዝውውሩ ጋር የሚያገናኘው ጀማሪው ነው። በተጨማሪም የታክስ ወኪልነት በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ነው። ፈቃዱን በአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ምክንያት አደጋ ላይ የሚጥል ድርጅት ውስጥ ከገባችሁ፣ ሲቪያችሁን ቶሎ አድሱ።

«ጀማሪ ደረሰኝ ከማገላበጥ ውጪ ምንም አይማርም»

ማገላበጡ እውነት ነው። የወሩን ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት (ማሽኑ የዕለቱን ሽያጭ ደምሮ የሚያወጣው ወረቀት) ጋር ታስተያያላችሁ። አሰልቺ ነው። መሀል ላይ ግን ቲን ነምበሩ አንድ አሃዝ የተሳሳተ የዊዝሆልዲንግ (ከፋዩ ከክፍያው ላይ ቀንሶ ያስቀረው ግብር) ደረሰኝ ታገኛላችሁ። ያ ወረቀት ደንበኛው አስቀድሞ የከፈለው ግብር ማስረጃ ነው። ካልተስተካከለ ተቀናሽ ላይያዝለት ይችላል። ከፋዩ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ደውላችሁ በትህትናም በጭቅጭቅም ማስተካከያውን ስታስጽፉ፣ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ገባችሁ ማለት ነው። ይህን ማንም መምህር ሰሌዳ ላይ አያሳያችሁም።

«ሕጉን አንዴ ካጠኑት በቃ»

የቫት አዋጅ 285/1994ን የሸመደደ ሰው በ1341/2016 ተተክቶበታል። ከደመወዝ ላይ ከግብር ነፃ የሆነው 600 ብር ደግሞ በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ 1395/2017 2,000 ብር ሆኗል።

«ኤሲሲኤ ካለኝ ታክስ አውቃለሁ»

ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ) ጥሩ ነው፤ ለዕድገትም ለደመወዝም ይጠቅማል። ነገር ግን ብዙው የእኛ ተማሪ በታክሱ ፈተና ላይ የሚፈተነው የእንግሊዝን ሕግ ነው። የአገራችንን አዋጆች፣ ደንቦችና መመሪያዎች ለየብቻ ቁጭ ብሎ ማንበብ ግድ ነው። በተለይ መመሪያዎቹን፤ ክርክር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

«ከጥቅምት 30 በኋላ ዕረፍት ነው»

ሒሳባቸውን ሰኔ 30 የሚዘጉ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያስታውቁት እስከ ጥቅምት 30 ነው። እነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ የለም። ከዚያ በኋላ ግን የደመወዝ ግብሩ፣ ዊዝሆልዲንጉና ቫቱ በየወሩ ይመጣሉ። የወሩ ማብቂያ ላይ ሁሉም ሰው ኢ-ታክስ ላይ ይረባረባል። ዘመድ ሠርጉን በወር መጨረሻ ከደገሰ ፈቃድ በጊዜ ጠይቁ።