የጦር ካምፕን ወደ ቅይጥ ሰፈር መለወጥ ምንድን ነው?

ጦር የለቀቀውን ግቢ መኖሪያ፣ ሱቅ፣ ቢሮ፣ ትምህርት ቤትና መናፈሻ ጎን ለጎን የሚገኙበት የከተማ ክፍል ማድረግ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ባዶ መሬት ላይ ቤት መሥራት ይመስላል፤ ግን ካምፕ ባዶ መሬት አይደለም። ሥራው የሚጓተተውም፣ ገንዘቡ የሚያልቀውም በአብዛኛው ገና አንድ ግድግዳ ሳይቆም፣ ከመሬት በታች ነው።

ጥናቱ የሚጀምረው ከቁፋሮ ሳይሆን ከመዝገብ ነው። ተሽከርካሪ የሚጠገነው የት ነበር? የነዳጅ ታንከር የተቀበረው የት ነው? የእሳት ማጥፋት ልምምድ የሚደረገው በየትኛው ሜዳ ነበር? እያንዳንዱ መልስ የሚፈለገውን መርዝ ይጠቁማል። ጥገና ቤት አጠገብ ቅባት ማጠቢያ ኬሚካል ይጠበቃል፤ ከውኃ ስለሚከብድ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ዘልቆ ይሰምጣል፣ ተኖ ደግሞ በወለል ስንጥቅ ቤት ውስጥ ይገባል። በልምምድ ሜዳው የእሳት ማጥፊያ አረፋ ጥሎት የሄደው ኬሚካል ይኖራል፤ እሱ አይበሰብስም፣ ከውኃው ጋር እየተጓዘ ከግቢው አጥር ያልፋል። ጥይት እንዲያስቀር ከተኩስ ዒላማ ጀርባ በተቆለለው አፈር ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ። አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ደግሞ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ የግንባታ ቃጫ) እና እርሳስ ያለበት ቀለም ይገኛል፤ ይህ ከማፍረስ በፊት እንጂ ፍርስራሹ ከተቀላቀለ በኋላ የሚፈተሽ አይደለም።

ያልፈነዱ ተተኳሾች የብቻ ጉዳይ ናቸው። ተራው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ብረት መኖሩን እንጂ ምን ብረት እንደሆነ በእርግጠኝነት ስለማይለይ፣ ድምፅ የሰጠው ቦታ ሁሉ፣ ሚስማርም ይሁን ቦምብ፣ በባለሙያ ጥንቃቄ መቆፈር አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥልቀቱ ነው። ለመናፈሻ ተብሎ ላይ ላዩን የተጣራ መሬት ለሕንፃ መሠረት ተጣርቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ የመሬት አጠቃቀሙ ፕላንና የጽዳቱ ደረጃ አብረው መወሰን አለባቸው፤ በኋላ ፕላኑ ሲቀየር ጽዳቱም እንደገና ይጀመራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተዘጋው የፎርት ኦርድ ጦር ካምፕ ከ11 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር። ከፊሉ ዩኒቨርሲቲና መኖሪያ ሲሆን፣ ተተኳሽ የበዛበት የተኩስ ቀጠና ግን ቤት አልተሠራበትም፤ ሰፊው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ሆኗል። ይህ ሽንፈት ሳይሆን ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

የጽዳት ሪፖርቱን የሚያረጋግጥ ከአጽጂው የተለየ ወገን ሊኖር ይገባል። በሳን ፍራንሲስኮ የሃንተርስ ፖይንት የባሕር ኃይል መርከብ መጠገኛ፣ የአፈር ናሙና በሌላ ንጹሕ አፈር የቀየሩ ሁለት ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የእስር ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። ምርመራው እንደ አዲስ መታየት ነበረበት፤ የነዋሪው እምነት ግን እንደ አፈር ተቆፍሮ አይተካም።

ከዚያ ቧንቧው ይመጣል። ካምፕ ባለቤቱ አንድ ስለሆነ ውኃና መብራቱ በአንድ ዋና ቆጣሪ ገብቶ፣ መስመሩ መንገድ ሳይከተል በሕንፃዎች ሥር አቋርጦ ሊሄድ ይችላል። መሬቱ ተሸንሽኖ ሲሸጥ የአንዱ ፍሳሽ በሌላው ይዞታ ሥር ያልፋል። ያሉትን መስመሮች በካሜራ ፈትሾ፣ አብዛኞቹን ትቶ በአዲሱ መንገድ ሥር እንደገና መዘርጋት አብዛኛውን ጊዜ ከመጠጋገን ይሻላል። ይህ ወጪ የመጀመሪያው ቤት ሳይሸጥ የሚከፈል መሆኑ በጀቱን ያናጋል። መፍትሔው ግንባታውን ነባሩን ከተማ ከሚነካው ጠርዝ መጀመር ነው፤ ቧንቧው አጭር ይሆናል፣ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎችም አውቶቡስና ገበያ አያጡም።

ሕንፃዎችን በጅምላ ማፍረስ አያስፈልግም። ጠበብ ብሎ በሁለት በኩል መስኮት ያለው የወታደር ማደሪያ ለአፓርታማ ይመቻል። የማኮብኮቢያ ኮንክሪት እዚያው ተፈጭቶ የመንገድ ሥር ንጣፍ ይሆናል።

ሱቆች ደግሞ ከሰው ቀድመው ከተከፈቱ ይከስራሉ። በኋላ ሱቅ እንዲሆን የምድር ወለሉን የጣሪያ ከፍታ ወደ 4 ሜትር አድርጎ ሠርቶ፣ ነዋሪው እስኪበዛ ለቢሮ ወይም ለወርክሾፕ ማከራየት ቦታውን ሕይወት ይሰጠዋል።

በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1992 የለቀቀው የቮባን ካምፕ ወደ 40 ሄክታር ነው፤ ዛሬ ከ5 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል። ጥቂት ማደሪያዎች ለተማሪዎችና ለጋራ መኖሪያ ተጠብቀዋል፣ ትልልቅ ዛፎችም አልተቆረጡም። መኪና በአብዛኛው የሚቆመው በሰፈሩ ጠርዝ ባሉ የጋራ ጋራዦች ስለሆነ የውስጥ መንገዱ ለልጆች መጫወቻ ተርፏል። ትራሙ (የከተማው ቀላል ባቡር) ግን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ቀድመው የገቡት ነዋሪዎች ለዓመታት ያለ እሱ ኖረዋል።