«የተፈጥሮ ሙከራ» ምንድን ነው?

አንድ አገር ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሲጋራ ማጨስን ከለከለ እንበል። ከዓመት በኋላ የልብ ሕመምተኛው ቁጥር ቀነሰ። ታዲያ ሕጉ ሠራ ማለት ነው? ቁጥሩ ድሮም እየቀነሰ የነበረ እንደሆነስ?

መድኃኒት ቢሆን ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ብቻ ሰጥቶ ማየት ይቻላል። ሕግን ግን ለግማሹ ሕዝብ በዕጣ ማውጣት ይከብዳል። የተፈጥሮ ሙከራ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ ተፈጥሮ የግድ የለችበትም። ሰዎቹን የሚከፍላቸው ተመራማሪው ሳይሆን ድንበር፣ ቀን ወይም አጋጣሚ ነው። እሱ ደርሶ ያነጻጽራል።

ዛሬም ድረስ የሚደንቀኝ የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ስኖው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደንን ኮሌራ ይፈጃት ነበር። በደቡብ ለንደን የሁለት ኩባንያዎች የውሃ ቧንቧ በየመንገዱ ተደባልቆ ተዘርግቷል። ጎረቤታሞች እንኳ የሚጠጡት ውሃ ይለያያል፤ ሀብታምም ድሃም በሁለቱም ወገን አለ። ላምቤዝ የተባለው ኩባንያ በ1852 ውሃ መቅጃውን የከተማው ፍሳሽ ወደማይደርስበት የቴምዝ ወንዝ ክፍል አዛውሯል። «ሳውዝዋርክና ቮክስሆል» የተባለው ሌላው ኩባንያ ግን ፍሳሽ ከገባበት መቅዳቱን ቀጥሏል። ስኖው የሞት መዝገቡን ይዞ ሰው ወደሞተበት ቤት እየሄደ «ውሃችሁ የየትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከየ10,000 ቤቱ በላምቤዝ ወገን 37 ሰው ሞቶ ነበር፤ በሌላው 315። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ያሳወቀው ገና ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው!

ወደ ሲጋራው ልመለስ። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 ከለከለች፤ እንግሊዝ እስከ ሐምሌ 2007 ቆየች። በድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የሚገባው ሰው በስኮትላንድ 17 በመቶ ሲቀንስ፣ ሕጉ ባልደረሰባት እንግሊዝ በ4 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው። ይህች 4 በመቶ ባትኖር 17ቱን በሙሉ ለሕጉ እንሰጠው ነበር።

በእርግጥ መጠንቀቅ ያሻል። በፈቃዱ ወደ አንድ አገልግሎት የሄደ ሰው ካልሄደው ጋር ድሮም ላይመሳሰል ይችላል። በዚያው ሰሞን ሌላ ለውጥ ገብቶም ሊሆን ይችላል።

እኔን የሚቆጨኝ ግን በየጊዜው የሚያመልጠን ዕድል ነው። አዲስ የጤና አገልግሎት በአንድ ቀን በሁሉም ቦታ አይጀመርም፤ ተራ የሚጠብቅ አካባቢ ይኖራል። አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ዘንድ የታመመውና የሞተው ቢመዘገብ፣ ማነጻጸሪያው ያኔውኑ እጃችን ገባ።