ብርድ፣ ሙቀትና ሞት፦ ጅማ ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጅማ አየር ለስላሳ ስለሆነ፣ ብርድና ሙቀት ሰው ይገድላል ሲባል የሩቅ አገር ወሬ ይመስለናል።

«የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ለብርድማ ጋቢ አለ።»
እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ ጥናት በ13 አገሮች የተመዘገቡ 74 ሚሊዮን ሞቶችን መረመረ። 7.3 ከመቶ ያህሉ ከብርድ፣ 0.4 ከመቶ ያህሉ ከሙቀት ጋር ተያይዘው ተገኙ። ኢትዮጵያ ጥናቱ ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ለጅማ መውሰድ አይቻልም። የሰው አካል ግን ያው ነው። ሲበርድ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ደም ለመርጋት ይቀርባል። ጉዳቱ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ለቅሶ ቤት «ልቡ ነው» ይባላል እንጂ ብርዱን የሚያነሳ የለም።

«በረዶ በሌለበት አገር ብርድ አይገድልም።»
በዚያው ጥናት አብዛኛውን ሞት ያስከተለው መካከለኛው ብርድ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እንዲህ ያሉት ቀናት ብዙ ናቸው። ጅማም በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ግፊት ላለባቸው አዛውንት ይህ ቀልድ አይደለም።

«ከሰሉ ፍም ከሆነ ቤት ቢያድር ችግር የለውም።»
ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ማታ ቡና ይፈላል፤ ፍሙ ያሳዝንና «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ ምድጃው መኝታ ቤት ይገባል። በሩም ይዘጋል። የሚገድለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍም ጭስ ባይኖረውም ይህን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ምድጃው ውጭ ይደር፤ ብርድ ልብስ ይደረብ።

«አረቄ ያሞቃል።»
ቆዳን ብቻ! ደም ወደ ቆዳ ስለሚሮጥ የውስጥ ሙቀት ቶሎ ይወጣል።

«ሙቀት የሚጎዳው ፀሐይ ላይ የሚውለውን ነው።»
እ.ኤ.አ. በ2003 በጋ አውሮፓን የመታው ከባድ ሙቀት ከ70,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ብዙዎቹ ሟቾች አረጋውያን ነበሩ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ብቻቸውን ቤታቸው የሞቱ ጥቂት አልነበሩም። ሙቀት እንደ ብርድ አይዘገይም፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይጥላል። እኛ ጋ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በየካቲት ቀትር ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል።

«መስኮቱን ዝጉት፣ ነፋስ ይመታናል።»
የአጋሮ ሚኒባስ ውስጥ በላብ እየተጠመቅን እንኳ የምንከራከርበት ነው። ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፤ ታፍኖ በተቀመጠ ሰው መሃል ደግሞ በቀላሉ ይዛመታል። ቲቢም በታፈነ ቦታ እንደዚያው ይዛመታል።