«ኦል ሲዝን» የተባለ ጎማ ሁሉ በረዶ ይችላል?

አሜሪካና አውሮፓ ስፖርት መኪና የምትነዱ ልጆች ብርድ ሲመጣ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ስለሆነ፣ አንዷን ነጥብ ላብራራ። «ኦል ሲዝን» (ለሁሉም ወቅት) መባሉ ብቻ ጎማው በረዶ ላይ መፈተኑን አያሳይም።

የጎማውን ጎን እዩት። «ኤም+ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለው ምልክት የሚሰጠው በጥርሱ ቅርጽና ክፍተት ነው። በረዶ ላይ ፈተና ማለፍ አይጠበቅበትም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ከተሳለ ግን በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ጀርመን ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፤ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በረዶ በያዘ መንገድ ላይ «ኤም+ኤስ» ብቻውን ሕጉን አያሟላም።

ሁለት ጎማ ቀረበላችሁ እንበል። የሁለቱም መጠን 225/45 አር 17 ነው። አንዱ 94 ደብልዩ ነው (ቁጥሩ የሚሸከመውን ክብደት፣ ፊደሉ የፍጥነቱን ጣሪያ ያሳያል)፣ «ኤም+ኤስ» ብቻ አለው። ሌላው 94 ቪ ነው፣ ተራራው አለበት። ደብልዩ በሰዓት እስከ 270፣ ቪ እስከ 240 ኪሎ ሜትር ይችላል። የመኪናው መመሪያ ቪን ከፈቀደ፣ በረዶ በሚበዛበት ከተማ እኔ ያለማመንታት ሁለተኛውን እገዛለሁ።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። ኩርባ ላይ አያያዙ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚቆምበት ርቀት፣ ድምፁና ዕድሜው ግን በየሞዴሉ ይለያያል። ደግሞ የተራራው ምልክት የሚሰጥበት የአሜሪካው ፈተና የሚለካው በረዶ ላይ ተነስቶ የመሄድ አቅሙን ነው፤ ፍሬኑን አይደለም። ስለዚህ ተራራውን አይታችሁ ከፊት ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት እንዳታሳጥሩ፣ አደራ።